የዕድሜ ልክ ዋስትና

የዝውውር ማመልከቻው ጠረጴዛዋ ላይ ካረፈ ሦስት ቀኑ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ሌላውን ስትፈርም ከረመች። የነዳጅ መጠየቂያ ፈረመች፣ የሻይ ቅጠል መግዣ ፈረመች፣ "መወልወያ ይገዛ" የሚለውን ወረቀትማ ሳታውቀው ሁለት ጊዜ ፈረመችበት። ያቺን አንዲት ገጽ ግን ስታያት እጇ ይከዳታል። ዛሬ ዓርብ ነው። ወደ ሩቁ ቅርንጫፍ ፍራሽ የጫነው መኪና እኩለ ቀን ላይ ይነሳል፤ አመልካቹም ከሹፌሩ ጎን ሊቀመጥ ተነጋግሮ ጨርሷል። ካልፈረመች አይሄድም። "አልፈርምም" ለማለት ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋል። ምክንያቷን ለሰው ቀርቶ ለመስታወቷም ተናግራ አታውቅም።

ታሪኩን ከዛሬ የጀመራችሁ፣ ጠጋ በሉ፤ ያመለጣችሁን በአጭሩ ልንገራችሁ። የምታውቁት ታገሱኝ።

እሷ የፍራሽ ፋብሪካው የሽያጭ ኃላፊ ናት፤ የባለቤቲቱም አንድያ ልጅ። ሠራተኞቹ በሌለችበት "ስብሰባ" ይሏታል። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ዘጠኝ ስብሰባ ጠርታ ነበራ! ዘጠነኛው ስብሰባ ደግሞ "ስብሰባ ለምን በዛ" በሚለው ላይ የሚወያይ ነበር። ስሙን ሰምታ መጀመሪያ ከፋት፣ በኋላ ሳቀች፣ አሁን በዚህ ስም ቢጠሯት እንኳ "አቤት" ማለት ይቃጣታል።

አመልካቹ "ዋስትና" ይባላል። ሌላው ሻጭ ከፍራሹ ጥሩነት ሲጀምር እሱ ከጉድለቱ ይጀምራል። "እመቤቴ፣ ይሄ ፍራሽ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ይሸታል፤ መስኮት ከፍተው ይተኙ። ጠርዙ ላይ ከተቀመጡ ይሰምጣል። ዋስትናው አምስት ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል" ይላል፣ ፊቱን ሳይፈታ። ደንበኛው ግማሹ ደንግጦ ይወጣል። የገዛው ግን መልሶ አምጥቶ አያውቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ፍራሽ አልተመለሰበትም።

ከሦስት ወር በፊት ያ የሽያጭ ክፍል ሞቶ ቀባሪ ያጣ ነበር። ሰባት ከነበሩት ሻጮች ሦስት ቀሩ። ሬዲዮ ቀረች፤ ጠዋት ከተከፈተች የምትዘጋ ሴት አልነበረችም፣ ያኔ ግን ድምጿ ከጠፋ ሰንብቷል። ቲቸር ቀረ፤ ሃያ ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ወደ ፍራሽ የዞረ ሰው ነው፣ ደንበኛ ሲገባ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ይደበቃል። ሦስተኛው ዋስትና ነው። የፋብሪካው ባለቤት፣ ሁላችንም "እትዬ" የምንላቸው የስብሰባ እናት፣ ልጃቸውን ጠርተው "ሦስት ወር ሰጥቼሻለሁ። ካልተነሡ ክፍሉን እዘጋና ዕቃውን ላከፋፋይ አስረክባለሁ" አሏት። እትዬ አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ልጅቷ ያልሞከረችው የለም። ግድግዳው ላይ "እንችላለን!" የሚል ጽሑፍ ሰቀለች፤ ሬዲዮ ከሥሩ በእርሳስ "ምኑን?" ብላ ጻፈችበት። ጠዋት ጠዋት እናጨብጭብ አለች፤ ቲቸር ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ሁለቴ አጨብጭቦ ተቀመጠ። የወሩ ምርጥ ሻጭ ፎቶ ይለጠፍ አለች፤ በዚያ ወር ሁሉም እኩል ነበሩ፣ ማለትም አንዳቸውም አልሸጡም። አንድ ቀን ከቢሮዋ ወደ ሽያጭ ክፍሉ የሚወርደው ደረጃ መካከል ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ያዘች። ዋስትና የጨርቅ ናሙና ታቅፎ ሲወጣ አገኛትና ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

"ጭብጨባው ይቅርብን" አላት። "ሰው ቀኑን ሙሉ እምቢ ሲባል ይውልና ቤቱ ይገባል። ለማን ይነግረዋል? ውጦት ያድራል። እኛን የገደለን እሱ ነው፤ የሚሰማን የለም።"

"የእምቢታ ሰዓት" የተወለደው እዚያ ደረጃ ላይ ነው። በነጋታው ጠዋት ስብሰባ ሦስቱን አስቀምጣ "ትናንት እንዴት አድርገው ነው እምቢ ያሏችሁ? ከሁሉ ያማረ እምቢታ ያገኘ ይጨበጨብለታል" አለች። ሬዲዮ ጉሮሮዋን ጠረገች። "አንዷ 'ፍራሹስ ግሩም ነው፤ ግን እንደዚህ የሚመች ገዝቼ ባሌን ማን ይቀሰቅስልኛል?' ብላኝ ሄደች" አለች። ቲቸር ቀጠለ። "የእኔው ሰውዬ ልሞክረው ብሎ ጋደም አለና ሁለት ሰዓት ሙሉ ለጥ! ሲነሣ 'እግዜር ይስጥልኝ፣ እንቅልፌን ጠገብኩ፣ ከእንግዲህ ፍራሽ አያስፈልገኝም' አለኝ።" ከዚያን ቀን በኋላ ያ ክፍል ሳቅ አልተለየውም። ሰዎቹ ያማረ እምቢታ ፍለጋ በየሰፈሩ መውጣት ጀመሩ፤ እምቢታ ፍለጋ የወጣ ሰው ደግሞ እሺታ ቢያጋጥመው አይሸሽም። ባለፈው ሳምንት የጭነት መኪናው በቀን ሁለቴ ተመላለሰ። እትዬም ስለ መዝጋት ማውራት ተዉ።

ሁለቱስ? ሁለቱማ ደረጃው ላይ ይገናኛሉ። እሷ ስትወርድ እሱ ይወጣል፣ እሱ ሲወርድ እሷ የረሳችው ነገር ይኖራል። የነገሩ ባለቤቶች አላወቁም እንጂ ሬዲዮና ቲቸር አውቀው ጨርሰዋል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። መጀመሪያ እሱ እንደማንም "እርስዎ" ነበር የሚላት። አንድ ቀን ግን ስትስቅ ሚዛኗን ስታ ልትወድቅ ሆነና ክንዷን ይዞ "ቀስ በይ!" አላት። "ቀስ ይበሉ" አላለም። ሁለቱም ሰሙት፣ ማናቸውም አላረሙት። ከዚያ ወዲህ ሰው በሌለበት "አንቺ" ሆነች። ያቺን ቃል ለመስማት ስትል በቀን ስንት ጊዜ ደረጃ እንደወረደች እሷና ጉልበቷ ናቸው የሚያውቁት።

ከሁለት ሳምንት በፊት ነገሩ ተበላሸ። ጠዋት ደረጃው ላይ አገኘችውና ፈገግ አለችለት። እሱ ጠርዝ ይዞ አሳለፋትና "ደህና አደሩ?" አላት። "አደሩ!" ያቺ ቃል ልቧን ቁርጥ አደረገችው። ቀጥሎ ማመልከቻው መጣ። "ሰለቸሁት" አለች ለራሷ። "ስብሰባዬ፣ ወሬዬ፣ ሁሉም ሰለቸው።"

እናንተ ግን እሷ የማታውቀውን እወቁ። ነገሩ ከመበላሸቱ አንድ ቀን ቀድሞ እትዬ ልጃቸው ቢሮ ገብተው "ያ ዝምተኛው ሻጭ እንዴት ነው? ደረጃው ላይ እግሩ በዛ" ብለው ነበር። እሷም ፊቷ እሳት መስሎ፣ እናቷን ፈርታ "እሱማ ምን አለው? ለሌላ ቅርንጫፍ ቢሰጥም አይጎዳንም" አለች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ ዋስትና ናሙናውን ታቅፎ ቆሟል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም!

* * *

እንግዲህ ወደ ዓርቡ ጠዋት እንመለስ። የእምቢታ ሰዓት ደርሶ ስብሰባ ወረደች። ማመልከቻውን በደብተሯ ውስጥ ይዛዋለች። ዋስትና የለም። የፍራሹ የአምስት ዓመት ዋስትና የሚያልቅበትን ደንበኛ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ ልማዱ ነውና፣ የመጨረሻዎቹን ባልና ሚስት ሊጠይቅ በጠዋት ወጥቷል። ሬዲዮና ቲቸር ማሳያው ፍራሽ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ሰምጠው ተቀምጠዋል።

"ዛሬ ማን ይጀምር?" አለች ስብሰባ፣ ድምጿን ለማሳመር እየታገለች።

"ዛሬ እምቢታ የለኝም" አለች ሬዲዮ ኩርፍ ብላ። "የምነግረውም የለኝም። የሚሄድ ሰው እየሸኘን ምን ያስቃል?"

"እንዲያው ለነገሩ ነው የምጠይቅዎት" አለ ቲቸር መነጽሩን እየጠረገ። "ይህን ልጅ አይሂድ ማለት የሚችል ሰው በዚህ ቤት ጠፍቶ ነው?"

የሁላቸውንም ሞራል ያነሣችው ሴት የራሷን ከወደቀበት ማንሣት አቅቷት ቆመች።

ይሄኔ በሩ ተበረገደና ባለመጋዘኑ ጋሼ፣ አንድ ሮዝ ቀለም ያለው ወረቀት እያርገበገቡ ገቡ። ጋሼ ቁጡ ናቸው፤ ዕቃ ጠፋ ሲባል ደግሞ ይብስባቸዋል።

"ይህን ትዕዛዝ የጻፈ ማን ነው?" አሉ። "ከትናንት ጀምሮ መጋዘኑን ገለበጥኩት! ነጠላ አየሁ፣ ድርብ አየሁ፣ የልጆቹንም አየሁ። እንዲህ ያለ ዕቃ የለንም!"

ስለ ትዕዛዝ ደብተሩ አንድ ነገር ልበላችሁ። እትዬ ኮምፒውተር አያምኑም፤ "መብራት ሲጠፋ ይረሳል፣ ካርቦን አይረሳም" ይላሉ። ስለዚህ ሻጩ ሁሉ ትዕዛዝ የሚጽፈው በመካከሉ ካርቦን ባለው ደብተር ነው። ነጩ ለደንበኛው፣ ሮዙ ለመጋዘን፣ ቢጫው ለእትዬ ቢሮ። ጽፎ መገንጠል፣ ገንጥሎ ወደየሳጥኑ መጣል ነው።

"ወዲህ በሉ፣ መነጽርዎ ይሆናል" አለችና ሬዲዮ ወረቀቱን ተቀበለቻቸው። ማንበብ ስትጀምር ደግሞ እንደ ልማዷ ሰፈሩ እስኪሰማ ነው።

"'የዕቃው ዓይነት፦ አንድ ወንድ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገለ። ብዛት፦ አንድ፤ ሌላ አልተሠራም።' ምንድን ነው ይሄ?" ቀና ብላ አየቻቸውና ቀጠለች። "'ጉድለት፦ ቶሎ አይናገርም። ሲናገርም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ጠዋት ሻይ ሳይጠጣ ፊቱ አይፈታም። ሲዘፍን ጎረቤት ይቆጣል። የሚኖረው ከእናቱና ከእናቱ የልብስ ስፌት መኪና ጋር ነው፤ መኪናዋ ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች። ሀብት የለውም፣ የሚኖረውም አይመስልም። ጥሩ ጎን፦ የሌለውን አለኝ አይልም።'"

ቲቸር ከፍራሹ ተነሣ። ስብሰባ የደብተሯን ጠርዝ ጨበጠች። ጽሑፉን ሳታየው የማን እንደሆነ አውቃለች፤ እንዲህ ከጉድለቱ የሚጀምር ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም።

ሬዲዮ ድምጿ ቀነሰ። ይህ ሆኖ አያውቅም። "'አስተያየት፦ ስትቆጪ የግራ ጆሮሽ ብቻ ይቀላል። ከደረጃው ስትወርጂ አካሄድሽን ከሰው ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ደንበኛ እያናገርኩ እንኳ የምሰማው አንቺን ነው። ለሌላ ቅርንጫፍ ብሰጥ እንደማይጎዳችሁ ስትናገሪ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩሽም። እኔ ግን እጎዳለሁ። አጠገብሽ ሆኜ 'እርስዎ' ማለት አልቻልኩበትም፣ ስለዚህ ርቄ እላለሁ።'"

"ሰምቷል" አለች ስብሰባ። ቃሉ አምልጧት ነው። "እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ቀን በር ላይ ነበር! ሰምቶኛል!"

"አንዲት መስመር ቀርታለች" አለች ሬዲዮ ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። "'ዋስትና፦ የዕድሜ ልክ።'"

ለንጉሥም ቢሆን ከአምስት ዓመት በላይ የማይሰጥ ሰው ነው!

"ከግርጌ ደግሞ 'ማስታወሻ፦ ይህ ትዕዛዝ አይላክም' ይላል።"

"አይላክም ካለ ታዲያ ለምን ላከው?" አሉ ጋሼ ባለመጋዘን ተናደው።

ነገሩን የፈታው ቲቸር ነው፤ ሒሳብ አስተማሪ አይደል። "ለራሱ ነው የጻፈው። ነጩን ገንጥሎ ኪሱ ከተተ። እጁ ግን ስምንት ዓመት የለመደውን ሠራ፤ ሮዙንና ቢጫውን ገንጥሎ ወደየሳጥናቸው ጣለ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!" ብሎ ሊስቅ ሲል ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። "ቆይ፣ ቆይ። ነጩ እሱ ጋ ነው። ሮዙ ይኸው። ቢጫውስ?"

አራቱም ባንዴ ወደ ጣራው ቀና አሉ። የእትዬ ቢሮ ከላይ ነው። ያን ጊዜ በሩ ሲከፈት ተሰማ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አንድ ደረጃ ወርደው ቆም፣ ሌላ ወርደው ቆም የሚሉ ሴት መምጣት ጀመሩ። ስብሰባ ከልጅነቷ ጀምሮ ያን አካሄድ ስትሰማ ቀጥ ብላ ትቆማለች። አሁንም ቀጥ ብላ ቆመች።

* * *

እትዬ ቢጫውን ወረቀት በሁለት ጣታቸው ይዘው ገቡ። የማንንም ሰላምታ አልጠበቁም።

"ይሄ ነው እንግዲህ የሞራል ሥራ የምትዪኝ?" አሉ ልጃቸውን።

የእትዬን ነገር መናገር አለብኝ። ባላቸው፣ የስብሰባ አባት፣ ሻጭ ነበር። ምላሱ ማር ነው፣ ድንጋይ ለወንዝ ይሸጣል የተባለለት። እትዬን ያገባው በዚያ ምላስ ነው፤ አንድ ቀንም "ሳምንት ሳይሞላ እመለሳለሁ" ብሎ በዚያው ምላስ ሄደ። ያ ሳምንት ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው። እትዬ ቁርጥራጭ ስፖንጅ በመስፋት ጀምረው ልጃቸውንም ፋብሪካውንም ለብቻቸው አሳደጉ። ያን ጊዜ ያወጡትን ሕግ ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል። "ሻጭ ደሞዝ እከፍለዋለሁ፤ ልጄን አልሰጠውም።"

"እማዬ፣ እኔ…" አለች ስብሰባ።

በሩ ተከፈተና ዋስትና ሻንጣውን ይዞ ገባ። አላወቀማ! "ባልና ሚስቱ ደህና ናቸው፣ ፍራሹም…" ብሎ ጀመረና ሮዙን ወረቀት ሬዲዮ እጅ፣ ቢጫውን እትዬ እጅ አየ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ነጩ አለ። ቀስ ብሎ ነገሩ ገባው፤ ፊቱም ከነጩ ወረቀት ነጣ።

"ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?" አሉት እትዬ።

"እኔ ነኝ።" መካድ የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም።

"ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ለምን አልሰጠሃትም?"

"እምቢ እንዳትለኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"ስምንት ዓመት ሙሉ እምቢ ሲሉህ ኖረህ የለ? አሁን ምኑ አዲስ ሆነብህ?"

"ያ ለፍራሹ ነበር" አለ ዋስትና። "ፍራሽ እምቢ ቢባል ሌላ ደንበኛ ይፈለግለታል። ለእኔ ግን ሌላ የለኝም።"

ሬዲዮ "ውይ!" ብላ አፏን ያዘች። ውጭ የጭነት መኪናው ሹፌር ጡሩምባውን ነፋ። ዋስትና ሻንጣውን አልለቀቀም።

እትዬ ወረቀቱን ከፍ አደረጉ። "የዕድሜ ልክ ብለሃል። እኔ በዚህ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ዋስትና ለአንድም ፍራሽ ሰጥቼ አላውቅም። ማን ፈቀደልህ?"

"ፍራሹ የእርስዎ ነው" አለ። "ይሄኛው የራሴ ነው።"

እትዬ ማሳያው ፍራሽ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ እንደተባለውም ሰመጠ፤ ማንም ግን አልሳቀም። ወረቀቱን እንደገና አነበቡት፤ "ጉድለት" የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"አባቷ ጉድለቱን አንድ ቀን እንኳ ነግሮኝ አያውቅም" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "ሁሉንም ራሴ ነኝ አንድ በአንድ ያገኘሁት።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንቺስ? ሦስት ወር ሙሉ ስብሰባ ስትመሪ አፍሽ አልደከመም። አሁን ምን ዋጠሽ? ቢሄድ አይጎዳንም ብለሽኝ ነበር። አሁንስ ምን ትያለሽ?"

ጡሩምባው እንደገና ተነፋ፣ ረዘም ብሎ።

ስብሰባ እናቷን አየች። ያንን ፊት በሕይወቷ ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች፤ እንዳይከፋ፣ እንዳያዝን፣ ሁለተኛ እንዳይታለል። ለእናቷ ስትል የተወችው ብዙ ነው፤ አንዱንም ቆጥራ አታውቅም። ዛሬ ግን የምትተወው ነገር ሻንጣ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኗን ወደ እሱ መለሰች። እሱ አያያትም፤ ወለሉን ነው የሚያየው፤ የሚመጣውን እምቢታ ለመቀበል የተዘጋጀ ሰው ነው።

"ያን ቀን ውሸቴን ነው" አለች። ድምጿ ቀጥኖ ወጣ፣ ግን ወጣ። "ቢሄድ እጎዳለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አልፈረምኩም፤ አልፈርምምም። እወደዋለሁ፣ እማዬ። ሻጭ ነው፣ እወደዋለሁ። ጠዋት ፊቱ አይፈታም፣ እወደዋለሁ። በዚያ ደረጃ በቀን ሃያ ጊዜ የምመላለሰው የምረሳው ነገር ኖሮኝ መሰለሽ?"

ማመልከቻውን ከደብተሯ አውጥታ ለዋስትና ዘረጋችለት። እሱ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ወረቀቱን ግን ሳይሆን እጇን ያዘ።

"አንቺ!" አላት። በእትዬ ፊት፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት። "አንቺ፣ እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

"አልቀለድሽም?"

"ሂድልኝ!" አለች እየሳቀች፣ እንባዋ ግን ጉንጯ ላይ ነው። "ካርቦን አምጡልኝና በሦስት ቅጂ ልጻፍለት!"

ቲቸር መጀመሪያ አጨበጨበ፤ የዚህ ጊዜው ጭብጨባ የዶሮ አልነበረም። ጋሼ ባለመጋዘን "ይህን አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ድርቡን ፍራሽ ሁሉ አላወርደውም ነበር" ብለው አጉረመረሙ። ሬዲዮ ወደ ውጭ ሮጣ ለሹፌሩ "ሂድ አንተ! የሚሄድ ሰው የለም!" ብላ ጮኸች፤ እስከ ጎዳናው ማዶ ተሰማ።

እትዬ ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። ሁሉም እሳቸውን ሲያይ ሳቁ ቀስ በቀስ ረገበ።

"ያን ቀን" አሉ፣ "የዋሸሽኝ ፈርተሽኝ ነው?"

ስብሰባ እናቷ ፊት ቁጢጥ አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ኧረ ምን በወጣሽ!" ትል ነበር።

"አዎ፣ እማዬ። ፈርቼሽ ነው።"

"ስትወጂ የምትደብቂኝ ሆንኩ?"

"እንዳታዝኚብኝ ብዬ ነው።"

እትዬ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። መርፌ የበሳሳው ያ የጣታቸው ጫፍ እስከ ዛሬ ሻካራ ነው። "አባትሽ ሲሄድ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርሽ" አሉ። "ማንም እንዳያታልልሽ ብዬ ነው ደጅ ደጁን ስጠብቅ የኖርኩት። አንቺን ማስፈራራቴን አላወቅኩም። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ። እኔን አትፍሪኝ። እኔን ከምትፈሪኝ ይህ ፋብሪካ ዛሬውኑ ቢዘጋ ይሻለኛል።"

እትዬ ይቅርታ ሲጠይቁ የሰማ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ሬዲዮ ከበሩ ላይ ሆና ተነፋረቀች። ስብሰባ እናቷ ጉልበት ላይ ግንባሯን አስደግፋ ቆየች፤ እናትየውም ፀጉሯን ዳበሱ፣ ቸኩለው አልተነሡም።

በኋላ ግን እትዬ እትዬ ናቸው። ዓይናቸውን ጠራርገው፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ተነሡና ዋስትናን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ጉድለትህን አንብቤዋለሁ" አሉት። "ዘፈኑ ይቅር። የቀረውን እንችለዋለን። እሑድ እናትህን ይዘሃት ና። አንተን ከማናገር ግድግዳ ማናገር ይሻላል፤ ከእሷ ጋር ስለ ስፌት እንኳ እናወራለን።"

"እሺ፣ እትዬ" አለ ዋስትና። ቀጥሎም፣ እሱ ነውና፣ "እናቴ ግን ትንሽ ጆሮዋ ከበድ ይላል፤ ጮክ ብለው ማናገር ይኖርብዎታል" አለ።

"አየሽ!" አሉ እትዬ ለልጃቸው፣ በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁትን ሰው እንዳዩ ሁሉ። "አሁንም ጉድለት ነው የሚያወራው!" ብለው በሳቅ ፈነዱ። እየሳቁ ቢጫዋን ወረቀት አጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱና ወደ ደረጃው አመሩ።

"እማዬ፣ እሱን የት ትወስጂዋለሽ?" አለች ስብሰባ።

"ፋይል ላደርገው ነዋ! የዕድሜ ልክ የሰጠ ሰው ነገ ቢክድ በምን እይዘዋለሁ?"

ስብሰባ እናቷ አንድ ደረጃ ወጥተው ቆም፣ ሌላ ወጥተው ቆም ሲሉ አየቻቸው። ዋስትና እጇን መልሶ ይዞታል፤ መዳፉ አልቦታል፣ የእሷም አልቦታል። እንባዋ ሳይደርቅ መልሳ ሳቀች። ደስ ብሏታል፤ እንደ ልጅ፣ ከልቧ፣ እስከ ጣቷ ጫፍ። ማንንም ሳትፈራ ደስ ሲላት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።